ጠይቆ መሄድ ይበቃልን? በወረርሽኝ ጊዜ የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞችን ጤና ስላጠኑ ጽሑፎች

ኮቪድ-19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ የጤና ባለሙያዎችን ጭንቀትና ድብርት የለኩ ጥናቶች በልዩ ልዩ ከተሞች ተካሂደው ታትመዋል። አካሚውም ሰው መሆኑን በማስታወሳቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ የድሬዳዋን የድንገተኛ ክፍል እያሰብን ስናነባቸው ሦስት ጉድለቶች ይታዩናል።

አንደኛው የአካል ጤናን ይመለከታል። በስፋት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ የሆነው ፒኤችኪው-9 ባለፉት ሁለት ሳምንታት የታየውን እንቅልፍ ማጣትና ድካም ጠይቆ ነጥብ ይሰጣል፤ መንስኤውን ግን አይለይም። ድሬዳዋ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተመትታ ነበር። ይህ ሕመም በአንዳንዶች ላይ የመገጣጠሚያ ሥቃይን ለወራት ያቆያል፤ ኮቪድም የመጣው ዓመት ሳይሞላ ነው። በከተማዋ ሙቀት አየር የማያስገባ የመከላከያ ልብስ ለብሳ ያደረች ነርስ "ደክሞኛል" ስትል፣ ድካሟ ከድብርት ይሁን ከሙቀት ወይም ከጉልበቷ ሕመም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተሞላ መጠይቅ ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛው፣ መጠይቁ ብዙውን ጊዜ የሚታደለው ለሐኪም፣ ለነርስና ለላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኑ ነው። በሽተኛውን ከቤቱ አንሥቶ የሚያመጣው የአምቡላንስ ሾፌርና ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ ከቁጥር ውጭ ይቀራሉ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የዚሁ መለኪያ ዘጠነኛ ጥያቄ ስለ መሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ስም በማይጻፍበት ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳለው ያመለከተ ባልደረባ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ምላሹ ወደ መቶኛ ተለውጦ በሠንጠረዥ ይሰፍራል፤ እርሱ ወደ ተረኛነቱ ይመለሳል። ስም አለመጻፉ ተገቢ ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ሆስፒታል ስሙን ጽፎ እውነቱን የሚናገር ጥቂት ነውና። ስለዚህ ከመጠይቁ ጋር፣ ከራሱ መሥሪያ ቤት ውጭ በምስጢር የሚታከምበትን ስፍራ የሚያመለክት ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ሊሰጥ፣ ከወራት በኋላም ተመልሶ ሊጠየቅ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። የባልደረቦቻችን ሕመም ግን በአዋጅ አያበቃም። መርምሮ ያለ ሕክምና የሚያሰናብት ሐኪም ይነቀፋል፤ ተመራማሪም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። በሚቀጥለው ወረርሽኝ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን ጥናት ከማጽደቃቸው በፊት፣ "ከጠየቃችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?" ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።