«ፔራቲኮስ»፦ ማዶው የማን ማዶ ነው?

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. አንድ ስሙ ያልታወቀ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕሉስ» ለታሪክ አጥኚዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ አዱሊስና ንጉሡ ዞስካሌስ በተነሡ ቁጥር ይጠቀሳል። ከአዱሊስ በኋላ ያለው ክፍል ግን ብዙ አንባቢ አያገኝም። ደራሲው ከባብ ኤል መንደብ አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋውን የሶማሌ ጠረፍ ገበያዎች «ታ ፔራን» ይላቸዋል፤ የዚያኑ ምድር እጣን ደግሞ «ፔራቲኮስ» ብሎ ይለየዋል።

«ፔራን» ማዶ፣ ባሻገር ማለት ነው። በግሪኩ ወንጌል «ፔራን ቱ ዮርዳኑ» የተባለው በግዕዝ «ማዕዶተ ዮርዳኖስ» ሆኗል። «ፔራቲኮስ» እንግዲህ «የማዶ» እንደ ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ቃሉ የንግድ መለያ ነው፤ በደቡብ ዐረቢያ ወደብ በካኔ በኩል ከሚጫነው የዐረብ እጣን ይለየዋል። ብዙ አጥኚዎች በርበራ ናት ከሚሏት ከማላዎ የሚወጣው ጥቂት ሲሆን፣ ብዛቱም ምርጥነቱም ከዚያ ወደ ምሥራቅ ርቃ ባለችው በአካናይ ነው።

ማዶ ያለ ቋሚ የለም። የደራሲው መቆሚያ የግብጽ ወደቦች ናቸው፤ ስያሜውም የሸቀጥ ገዢ ስያሜ ነው። ይሁንና እሱው ራሱ በዚሁ ጠረፍ ያለችው የአቫሊቴስ ሰዎች ሸቀጣቸውን በታንኳ ወደ ዐረቢያ ወደቦች ወደ ኦኬሊስና ሙዛ እንደሚያሻግሩ ይመሰክራል። ለእነርሱ ማዶው ዐረቢያ ነበረ። ገዢው «የማዶ» ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ተሻጋሪዎች ነበሩ።

ከዚሁ ሥር የወጣ ሌላ ቃል ይህን ንባብ ያጠናክራል። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም በዘፍጥረት 14፥13 አብራምን «ፔራቴስ»፣ ተሻጋሪው፣ ይለዋል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሂጶሊጦስ የነቀፋቸው «ፔራታውያን»ም ጥፋትን አልፎ መሻገር የምናውቅ እኛ ብቻ ነን ብለው ስሙን ለራሳቸው ሰጡ። በ«ፔራቲኮስ» ስሙ ለቦታና ለሸቀጥ ከውጭ ይሰጣል፤ በ«ፔራቴስ» ግን የተሰየመው ተጓዡ ሰው ነው።

በርበራ ዛሬ ስላለችበት ስለ ሶማሌላንድ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር፣ የጥንቱም የዛሬውም፣ በመጀመሪያው ትርጉም የታጠረ ነው፦ የእጣን አገር፣ የወደብ አገር፣ የባሕር በር። የዋና ከተማዋ የሐርጌሳ ነዋሪዎች የቅርብ ታሪክ ግን በሁለተኛው ይነበባል። በ1988 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በአየርና በመድፍ ስትደበደብ ሕዝቧ ድንበሩን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ፤ ብዙዎች የተጠለሉበት የሐርትሼክ ካምፕ የተዘጋው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በከተማዋ ዳር ያለችው አያሃ ተመላሾችና ተፈናቃዮች ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በስደቱ ዘመን «ማዶ» የነበረችው ኢትዮጵያ ናት፤ አማርኛ አንባቢው ማዶውን ሁልጊዜ ከራሱ ውጭ መፈለጉ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ስለዚህ ፔሪፕሉስን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «የማዶ እጣን» ቢል ቃሉን በትክክል ተርጉሟል፤ ሐተታው ግን ማዶው ከግብጽ ወደብ የታየ መሆኑን ካልነገረን የነጋዴውን ዐይን የጂኦግራፊ እውነት ያደርግብናል።