የቢምቢ እጭ ቀለብ፦ በሁለት ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ወባ ስናስብ ብዙዎቻችን የምናየው የምትነድፈውን ቢምቢ ብቻ ነው። ነገር ግን ቢምቢ ክንፍ ካወጣች በኋላ አታድግም፤ የአካሏን መጠን የሚወስኑት በእጭነቷ ዘመን ያገኘችው ቀለብ፣ የውሃው ሙቀትና የእጮቹ መጨናነቅ ናቸው። የማነ የዕብዮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2003 ያሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች ይህን ጉዳይ ከኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳ ጋር ስላያያዙት በጥሞና ሊነበቡ ይገባል።

ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌሊስ አራቢየንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው ትንንሽ ኩሬ ነው። እጮቿ ከውሃው ገጽ ላይ ስለሚመገቡ፣ በቆሎ ሲያብብ በነፋስ የሚወርደው ብናኝ ቀለብ ይሆናቸዋል። በቆሎ አጠገብ ያደጉት እጮች ቶሎ ደረሱ፤ ሰውነታቸውም ገዘፈ። ውሃው ደፍርሶ፣ እጮቹም ተጨናንቀው ሳለ እንኳ ብናኙ ረድቷቸዋል። ነገሩ በቤተ ሙከራ ሳይወሰን በመስክ መታየቱ የሥራው ብርታት ነው።

ሆኖም አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ «ትልቅ ቢምቢ ማለት ብዙ ወባ ማለት ነው» ብሎ ቢደመድም ይቸኩላል። የክንፍ ርዝመት የሚለካው የአካልን መጠን እንጂ አደጋውን አይደለም። ትልቋ ቢምቢ ብዙ እንቁላል ትጥላለች፤ ዕድሜዋም ብዙ ጊዜ ይረዝማል። የወባ ተውሳክ በሰውነቷ ውስጥ ለመብሰል 10 ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትንሿ ግን ከእጭነቷ የያዘችው ስንቅ ስለሚያንሳት የመጀመሪያው ደም የጎደለውን መሙያ ይሆናል፤ እንቁላል ለመጣል ብዙ ጊዜ ዳግመኛ መንደፍ ያስፈልጋታል። ይኸውም አንደኛዋ በዕድሜዋ መርዘም፣ ሁለተኛዋ በንድፊያዋ መደጋገም ትጎዳናለች ማለት ነው። ስለዚህ ክንፉን፣ የእንቁላሉን ቁጥርና ዕድሜዋን አብሮ መመርመር ያሻል።

ወደ ተግባር ስንመጣም «እንግዲያው በቆሎው ከጓሮ ይነቀል» የሚል ፍርድ አይገባም፤ ገበሬው የሚበላው ከዚያው ጓሮ ነው። ብናኙ ኩሬ ላይ ካልወደቀ እጭ አይመግብምና ኩሬውን መድፈን ይቀድማል። ግማሹን እጭ ገድሎ ግማሹን መተው ግን ለተረፉት ቀለቡን ማስፋት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ወደ መስክ የሚወጡ ጓደኞቻችን የእጮቹን ብዛት ብቻ ቆጥረው እንዳይመለሱ፤ የሚበሉትንም ይመልከቱ።