ለመታተም ስለ መቸኰል

መጻፍ የሚወድ ወጣት ወደ ቤቴ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ከሰላምታው ቀጥሎ «የት ላሳትመው?» ብሎ የጠየቀኝ እንደ ሆነ እሠጋለሁ። ጥያቄው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት መጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ስላለ ነው። ይህንንም በአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ድርሰትና ሁላችን በምናውቀው አንድ መጽሐፍ ላስረዳ።

ልጁ ተወልዶ ያደገው ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ብዙው የቆየ ቤት ለአዲስ ግንባታ ሲባል ፈረሰ። የልጁም እናት እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን ካሳደጉበት የቀበሌ ቤት ወጥተው ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ቂርቆስ ካለው ቤቴ መጥቶ 300 ገጽ ያህል ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መቅድሙን ይጻፉልኝ። ከማተሚያ ቤት ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ቀብዱን ከእማዬ ዕቁብ እከፍላለሁ» አለኝ።

ድርሰቱን በአምስት ቀን አነበብሁት። ታሪኩ በፓሪስ የሚኖር አንድ ሀብታም ሐኪም ስለ ወደዳት ልጃገረድ ነው። ልጁ ፓሪስን አላየም፤ አለማየቱም ብቻውን ጥፋት አይሆንም። ጥፋቱ ሐኪሙም፣ ልጃገረዲቱም፣ አሽከሩም በአንድ አፍና በአንድ ጌጠኛ ቃል መናገራቸው ነው። ጨረቃ በየምዕራፉ ትወጣለች። ሽንኩርት የሚገዛ፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ የታመመ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም የለም።

እንዴት እንደሚጽፍ ጠየቅሁት። ሲያምረው ብቻ፣ ሌሊት ሌሊት ጽፎ በአራት ወር ጨርሶታል፤ «ስሜቱ እንዳይጠፋብኝ» ብሎም መለስ ብሎ አላነበበውም። ግብህ ምንድር ነው ብለው፣ «ስሜ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ እንዲወጣ» አለኝ። እውነቱን ስለ ነገረኝ አከበርሁት።

ከዚያም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደ ገና እንዲያነብ ሰጠሁት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ዘመቱ፤ ተማርከውም በጣሊያን አገር ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ ብዙ አገር ዞሩ፤ በለንደንም አምባሳደር ሆኑ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸው 56 ደርሶ ነበር።

ይህን ስል ሰው ሁሉ እስከ 56 ዓመቱ ይቈይ ማለቴ አይደለም። በለንደን የተቀመጡት አምባሳደር የጻፉት ስለ ለንደን ሳይሆን በልጅነታቸው ስለሚያውቁት ስለ ጎጃም ቆሎ ተማሪ፣ ስለ ገበሬውና ስለ ባላባቱ መሆኑን ልብ በሉ። መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም። ጉዱ ካሣ የሥርዓቱን ክፋት ሲዘረዝር ንግግሩ አንዳንድ ጊዜ እየረዘመ ታሪኩን ያቆመዋል፤ በዚያን ጊዜ የምንሰማው ጉዱ ካሣን ሳይሆን ደራሲውን ነው። ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻ በኵራታቸው ሲያስቁን እንኳ እናዝንላቸዋለን፤ ገበሬው እንደ ገበሬ፣ የተማረውም እንደ ተማረ ይናገራል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቈጠረው ሳይቀር ጆሮውን የሰጠው፣ የጎረቤቱን ድምፅ ስለ ሰማበት ይመስለኛል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ይህ ልጅ ገና 14 ዓመቱ ሳለ ስለ ሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ወረፋ አንድ ገጽ ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። ሴቶቹ በጀሪካን ተራ ተጣልተው ጀሪካኑ ሳይሞላ ሲታረቁ ይታዩበት ነበር። እኔ ግን «ይህ የመንገድ ወሬ ነው፤ ያማረ ቃል ጨምርበት» ብዬ በቀይ ቀለም ሠርዤ መለስሁለት። እንግዲህ ጨረቃዋን ያወጣኋት እኔ ነኝ።

መቅድሙን እንደማልጽፍ ስነግረው ይህንንም ጥፋቴን ነገርሁት። በአገራችን ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ እኔም ይህችን መጽሐፍ በጡረታዬ ነው የማሳትማት። ማተሚያ ቤቱ ገጹንና የኮፒውን ብዛት ቈጥሮ ዋጋውን ይነግርሃል እንጂ ጽሑፉ በስሏል ወይ ብሎ አይጠይቅህም። ያን የመጠየቅ ዕዳ የደራሲው ነው፤ አለዚያ ዕዳውን የሚከፍሉት እናትህ ናቸው አልሁት። ተቈጥቶ ወጣ።

በሰኔ ወር 14 ገጽ ይዞ ተመለሰ። ቤታቸው በፈረሰ ዕለት እናቱ ምጣዳቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በጭነት መኪናው ላይ አቅፈውት ስለ መሄዳቸው ጽፏል። ሦስት ጊዜ እንደ ገና ጽፎታል። ለእናቱ ሲያነብላቸው ሁለት ቦታ ላይ «እንዲህ አላልሁም» ብለው አርመውታል፤ እርሱም እርማቱን ተቀብሏል። ጽሑፉ አሁንም ጉድለት አለበት፤ መጨረሻው ላይ ይቸኵላል። ነገር ግን እናቱ እንደ እናቱ ይናገራሉ፤ ጨረቃም አልወጣችም። ዕቁቡን እናቲቱ በአዲሱ ሰፈር ሥራቸውን ጀመሩበት።

መጻፍ የምትወዱ ልጆች ሆይ፣ መታተምን አትናቁ፤ ያልታተመ ጽሑፍ አንባቢ ዘንድ አይደርስምና። ነገር ግን «የት ላሳትመው?» ከማለታችሁ በፊት «ያየሁትንና የማውቀውን ጽፌአለሁን? የጻፍሁትንስ መልሼ አንብቤአለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚያም ስለምትጽፉለት ሰው ሳይሆን ስለ ጻፋችሁት ሰው አስቡ፤ በሕይወት ካለም ሂዱና አንብቡለት።