ካርድ ላይ የተጻፈ ቅኝት

ቃሊቲ የምሠራባት ክፍል በአንድ ጎኗ ወፍጮ ቤት፣ በሌላው ብየዳ ቤት አላት። ለሙዚቃ ሰው የሚመረጥ ሰፈር አይደለም። ብየዳው እሳት መጫር ሲጀምር አምፖሌ ይደክማል፤ በርካሽ ቻርጀር ስሠራ በነበረበት ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ራስፕቤሪ ፓይም አብራ ትደክም ነበር። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ 5 መሆን ያለበት ቮልት ከ4.63 ወረደ ማለት ነው። ማሽኗ ራሷን ለማዳን ትዘገያለች፣ ከስፒከሩም ቆሎ የተጣደ ይመስል ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ይወጣል። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ አባ ሳሙኤል፣ የተሠራው እዚሁ በቅርባችን ባለው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው ብዬ ለብየዳ ቤቱ ልጆች ስነግራቸው ይስቁብኛል።

ፓይ የመታወቂያ ካርድ የምታህል ኮምፒውተር ናት። አንጎሏ እንደ እጅ ስልካችን አርም ነው። የመጀመሪያዋ ለገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ የእኔዋ በ2019 የወጣችው አራተኛዋ ናት፤ ቡናና በርበሬ ይዞ የሄደ ዘመድ ሲመለስ በሻንጣው አመጣት። የጫንኩባት ሊኑክስ ነጻ ነው። ሙዚቃ የምሠራባቸው ፕሮግራሞችም እንዲሁ፦ ፍሉይድሲንዝ የተቀዳ መሣሪያ ድምፅ ያጫውታል፣ ዚንአድሰብኤፍኤክስ ድምፅን ከባዶ ይሠራል፣ ጃክ ሁሉንም እንደ ገመድ እርስ በርስ ያገናኛል። ፓይ ግን የድምፅ መግቢያ የላትም፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳዋም ለመድረክ አይበቃም። ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ሳይገዙ መጀመር ድካም ነው።

ከዚያ የቋቱ ጉዳይ ይመጣል። ባለሙያዎቹ ባፈር ይሉታል፤ እኔ ጎረቤቴን አይቼ ቋት ማለትን መረጥኩ። ወፍጮው ይፈጫል፣ ዱቄቱ ቋት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ባለቤቱ ከቋቱ ይዝቃል። ፕሮሰሰሩም ድምፁን ፈጭቶ ቋት ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሳውንድ ካርዱ ይዝቃል። ሊዝቅ ሲመጣ ባዶ ከሆነበት ያ የቆሎ ድምፅ ይሰማል። ቋቱን ማስፋት ይቻላል፤ ያኔ ግን ድምፁ ይዘገያል። በሰከንድ 48,000 ናሙና ስሠራ፣ አንድ ጊዜ የሚዘቀው ስፍር 1024 ናሙና ሆኖ ቋቱ ሁለት ስፍር ሲይዝ መዘግየቱ 43 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ ስፒከሩን 14 ሜትር ተኩል ያህል አርቆ እንደመስቀል ነው። በዚህ መዘግየት ችክችካ ለመምታት ሞክሬያለሁ፤ ጣቴ ቀድሞ ይጨርሳል፣ ጆሮዬ ከኋላ እየሮጠ ይደርስበታል። ስፍሩ ወደ 128 ሲወርድ፣ የሳውንድ ካርዱ የራሱ መዘግየት ሳይቆጠር፣ ርቀቱ ከሁለት ሜትር ያንሳል። እዚያ ለመድረስ ዋይፋዩን አጠፋሁ፣ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እንዳያደርግ አሰርኩት፣ ሪል ታይም የሚባለውን የሊኑክስ እምብርት (ከርነል) ጫንኩ። ይህ ከርነል ከዋናው ሊኑክስ ጋር ተጠቃሎ የተዋሃደው እ.ኤ.አ. በ2024፣ በ6.12 ነው፤ ከዚያ በፊት ለብቻው ፈልጎ መጫን ግድ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ዝግጅት ነው። እኔን ከዚች ትንሽ ማሽን ጋር ያቆራኘኝ ቅኝት ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ክራር የሚጫወቱ አንድ አዛውንት አሉ። አንድ ቀን በአንቺሆዬ ቅኝት ስጫወት ኪቦርዴን ቆመው ሰሙና «ልጄ፣ አንቺሆዬን ይጠራታል እንጂ አያውቃትም» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ተናደድኩ። እውነታቸውን እንደሆነ ለማመን አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ኪቦርድ ኦክታቭን 12 እኩል ቦታ ይከፍላል፤ እያንዳንዱ 100 ሴንት፣ ጠቅላላው 1200። ክራር የሚቃኝ ሰው አያካፍልም፤ ሁለት አውታሮች ተስማምተው መንቀጥቀጣቸው ሲረጋ እጁን ያነሳል። 3 ለ2 የሆነው ንጹሕ አምስተኛ 702 ሴንት ነው፣ ኪቦርዱ 700 ይሰጣል፤ በዚህ ማንም አይጣላም። የትዝታ ሜጀር ሦስተኛው ድምፅ 5 ለ4 ላይ ቢቆም ግን 386 ነው፤ ኪቦርዱ 400 ላይ ይቆማል። የ14 ሴንት ልዩነት ይሰማል። በአንቺሆዬ ደግሞ ልዩነቱ ሳይለካም ያስታውቃል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሮድስ፣ ከሙግ፣ ከዲኤክስ7 እና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን ሲቀዳ፣ ማሽኖቹ ከፋብሪካ ተቃኝተው የመጡበትን ነው የተጫወተው፤ ሥራው ግሩም ነው፣ ቅኝቱ ግን የፋብሪካው ነው። ዛሬ ለአረብ ገበያ የተሠሩ ኪቦርዶች ኖታ በኖታ ማስተካከያ አላቸው። ዋጋቸውን የጠየቀ ግን ወደ ፓይ ይመለሳል።

በሳምንቱ ማይክ ይዤ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አውታሮቹን አንድ በአንድ ይምቱልኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ልጽፈው።»

«ቅኝት ይጻፋል እንዴ?»

ይጻፋል። ስካላ የሚባለው ፋይል በማንኛውም ማስታወሻ መጻፊያ የሚከፈት ተራ ጽሑፍ ነው፦ ስም፣ የድምፆቹ ብዛት፣ ከዚያ በየመስመሩ አንድ የሴንት ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ኦክታቩ። የየአውታሩን ፍሪኩዌንሲ ለክቼ ወደ ሴንት መለስኩት። መጀመሪያ አምስት ድምፅ ብቻ ጻፍኩና ተሳሳትኩ፤ ኦክታቩ በየአምስት ቁልፉ እየተደገመ ጣቶቼ ጠፉ። አሁን አሥራ ሁለቱንም መስመር እሞላለሁ፤ የማልነካቸውን እንደነበሩ እተዋቸዋለሁ። ዚንአድሰብኤፍኤክስ ፋይሉን ይቀበላል፤ ፍሉይድሲንዝ ደግሞ በትእዛዝ ቁልፍ በቁልፍ ይቃኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አደባባይ ይዤው የወጣሁት ለሰርግ ነበር። ሙሽራዋ ስትገባ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ፓይ አልተነሳችም። በመጻፍ ላይ እያለች ስለጠፋች ሜሞሪ ካርዷ ተበላሽቶ ነበር። ከበሮና ጭብጨባ አዳነን፤ እንዲያውም ደመቀ ያሉ አሉ፣ እኔ ግን ወንበር ስር መግባት አማረኝ። ከዚያ ወዲህ ኦቨርሌይ የሚባለውን ምርጫ አብርቼ ካርዱ ላይ ምንም እንዳይጻፍ አደርጋለሁ፤ የቅኝት ፋይሎቼ ለብቻቸው ፍላሽ ላይ ናቸው። ኃይሉንም ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 5 አውርጄ እሰጣታለሁ። ያልጠበቅሁት ጥቅም አገኘሁበት፦ ከመስመሩ ይመጣ የነበረው የ50 ኸርዝ እምምታ ጠፋ፣ ብየዳ ቤቱም የፈለገውን ይበይድ።

አዛውንቱ የተጻፈውን ሊሰሙ መጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ያን ቀን ክራሩ ላልቶ ነበር፤ ደግመህ ቅዳኝ» አሉ። ደግሜ ቀዳኋቸው። ቁጥሮቹ ከመጀመሪያው ተለዩ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የቱን እንደምሰርዝ ስጠይቃቸው «ለምን ትሰርዛለህ?» አሉኝ። ስካላ ውስጥ በቃለ አጋኖ የሚጀምር መስመርን ማሽኗ አታነበውም። እዚያ ላይ ቀኑን፣ ክራሩ የማን እንደነበረና አየሩን እጽፋለሁ። የመጨረሻው ፋይል ላይ ያለው፦ ከሰዓት በኋላ፣ የጋሼ ክራር፣ ዝናብ፣ ወፍጮ ቤቱ ዝግ።