ከሩቅ ሲታይ የሚጠፋው ሣር

እስኪ ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2ን ክፈቱና ኢትዮጵያውያንን መርጣችሁ ተጫወቱ። ወታደሩን ስትነኩት በአማርኛ ይመልስላችኋል፤ ደስ ይላል። ሾተል ይዞ የሚዋጋ የራሳችን ጦርም አለ። ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ጨዋታ የገቡት በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» በተባለው ማስፋፊያ ነው፤ የዮዲትን ታሪክ የሚከተል ዘመቻም አብሮ መጥቷል። እስከዚህ ድረስ ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ድምፁን ቀንሱና ቤቶቹን እዩ። ማስፋፊያው ሲወጣ የኢትዮጵያውያንና የማሊያውያን ቤቶች አንድ ዓይነት ነበሩ። የማሊ ሰው በሞቃት ሜዳ ላይ በጭቃ ይገነባል። የመንዝ ሰው ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ድንጋይ ክቦ ጣሪያውን በሣር ይከድናል። እርግጥ የዮዲት ታሪክ የአክሱም እንጂ የመንዝ አይደለም። ቢሆንም ጨዋታው «ኢትዮጵያ» ብሎ አንድ መልክ ሲሰጥ ደጋው የት ገባ?

ደግነቱ ጨዋታው የራሳችሁን ካርታ የምትሠሩበት መሣሪያ አለው፤ ሌሎች ብዙ ጨዋታዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ትችቴ ለኩባንያው ብቻ አይደለም። ካርታ ለምንሠራው ለእኛም ነው፤ ምክንያቱም እኛም ደጋውን እናጠፋዋለን፣ ያውም ሳናውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለይ በ3ዲ ጨዋታዎች የድንጋይ ግድግዳ የሚሠራው አንድ ምስል ደጋግሞ በመደርደር ነው። ድግግሞሹ ዓይን ይወጋል። ይህን ለመስበር ዲካል ይለጠፍበታል። ዲካል ማለት የታክሲ መስታወት ላይ እንደሚለጠፈው ጥቅስ ነው፦ ፊደሉ ይታያል፣ በፊደሎቹ መካከል ያለው ግን መስታወቱን ያሳልፋል። በመንዝ ግድግዳ ላይ የጭስ ጥላሸት፣ የዝናብ ፍሳሽ፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ ሽበት፣ የተለጠፈ ኩበት ያስቀረው ምልክት፣ ሁሉም ዲካል መሆን ይችላሉ።

ማሳለፉን የሚወስነው አልፋ የሚባል ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 ቁጥር አለው። አራተኛው አልፋ ነው፤ 0 ሲሆን ፒክስሉ አይታይም፣ 255 ሲሆን ከኋላው ያለውን ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። መሀል ላይ ሲሆን ሁለቱ ቀለሞች ይደባለቃሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ነጩ ጠርዝ ነው። ከነጭ ወረቀት ላይ የተቆረጠ የጅብራ ፎቶ ትለጥፋላችሁ፤ ዙሪያው ግን እንደ ውርጭ ነጭ መስመር ይዞ ይመጣል። እንዴ፣ ነጩን አጥፍተነው አልነበር እንዴ? አላጠፋችሁትም፤ አልፋውን 0 አድርጋችሁ ደበቃችሁት እንጂ ቀለሙ አሁንም እዚያው አለ። ኮምፒውተሩ ምስሉን ሲያሳንስ ወይም ሲያጎላ ጎረቤት ፒክስሎችን ያማክላል፣ ያኔ የተደበቀው ነጭ ሾልኮ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በማይታየው ቦታም ላይ የቅጠሉን አረንጓዴ ቀቡ። ሌላው መንገድ ቀለሙን አስቀድሞ በአልፋው ማባዛት ነው፤ ፖርተርና ደፍ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለዚህ አሠራር በዝርዝር ጽፈዋል።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል፤ ሣሩን ያጠፋዋል። ብዙ ጨዋታዎች ለፍጥነት ሲሉ መደባለቁን ትተው ይቆርጣሉ፦ አልፋው ከግማሽ በላይ ከሆነ ፒክስሉ ይታያል፣ ካነሰ ይጣላል። ከሩቅ ለሚታይ ነገር ደግሞ ትንሽ ቅጂ ይጠቀማሉ፤ 512 የነበረው ጎን 256፣ ከዚያ 128 ይሆናል፣ አራት ፒክስልም ተማክሎ አንድ ይሆናል። የጓሳ ሣር ቀጭን ነው። የሣራችሁ ምስል ከቦታው 40 በመቶውን ብቻ ይሸፍናል እንበል። እየተማከለ ሲሄድ አልፋው ሁሉ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ይህ ከግማሽ በታች ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይጣላል። ቅርብ ሲሆን ለምለም የነበረው ተራራ ከሩቅ ራቁቱን ይቀራል።

«ጨዋታ አይደል፣ ምን አለበት?» ትሉኝ ይሆናል። ጓሳን እዩት። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ደጋ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። እዚያ ሣር የቀረው በአጋጣሚ አይደለም። የመንዝ ሰዎች ቀሮ በሚባል ሥርዓት አካባቢውን አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይሰማራም። ሥርዓቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ ቀጥሎበታል።

ታዲያ መንዝን አይቶ የማያውቅ ልጅ ካርታችሁ ላይ የተራቆተ ተራራ ሲያይ ምን ይማራል? ሰዎቹ ምድራቸውን እንዳልጠበቁ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። አንድ የተሳሳተ የአልፋ ቁጥር የትውልዶችን ጥበቃ ከዓይን ይሰውራል። የኩባንያው የማሊ ቤትና የእኛ የጠፋ ሣር ጥፋታቸው አንድ ነው፦ ሁለቱም ደጋውን ከቅርብ አላዩትም።

መፍትሔው ከባድ ሒሳብ አይፈልግም። በየትንሹ ቅጂ ላይ የሣሩ ሽፋን 40 በመቶ ሆኖ እንዲቀር አልፋውን ከፍ አድርጉ። ከዚያ ካርታውን ለጓደኛ ከመስጠታችሁ በፊት ካሜራውን ወደ ኋላ ጎትቱና ተራራውን ከሩቅ እዩት። ሣሩ ካለ፣ ጨርሳችኋል። ከሌለ፣ ተመለሱና አስተካክሉት።