ውዳሴ ለቡቲዬዋ እናት

ወላድ በድባብ ትሂድ ብሎ የመረቀ ሕዝብ ልጅ ነኝና ድባቡን ይዤ ወደ ቡቲዬ ሰፈር መጣሁ። ክብርት ሆይ፣ የልጆችሽ እናትም አባትም ሆይ፣ ውዳሴዬን ተቀበዪ! ለነገሥታት ሲደረደር የኖረ ቃል፣ ለጀግና ሲፎክር የኖረ አንደበት ዛሬ በኬንያዋ ሞያሌ፣ በማርሳቢት ካውንቲ ጠርዝ፣ በቆርቆሮ በርሽ ፊት ጫማውን አውልቆ ይቆማል። ስምሽን አልጽፍም፤ ሐዘንሽ የራስሽ ነው፤ ጎረቤቶችሽም ያለ እኔ ጽሕፈት ያውቁሻል። የባልሽ አስከሬን ከቤት ሲወጣ ሦስት ልጆች ቀሚስሽን ጨምድደው ይዘው የቀሩብሽ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ አንድም ማለዳ ከእጅሽ ያላመለጠሽ አንቺ ነሽ። ለመወደስ ይኸው ይበቃሻል።

ሃይማኖትም ልማድም ለሐዘን ቀን ቆርጠውለታል። ሙስሊሟ አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳዋን ትቀመጣለች፤ ክርስቲያኗ ሠልስቱን፣ ሰባቱን፣ ዐርባውን እየቆጠረች ተዝካር ታወጣለች። ሞያሌ የሁለቱም አገር ናት፤ ቦረናው፣ ጋብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪው፣ ሳኩዬው በየደንቡ ሙቱን ይሸኛል። የሕፃን ሆድ ግን ቀን ቆጥሮ አይራብም። ለቀስተኛው ባልተበተነበት ሰሞን ቤትሽ ሙሉ ነበር፤ ሻይ የሚያፈላ፣ ልጅ የሚያዝል፣ ውሃ የሚቀዳ አልጠፋም። ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ በውሰት የመጣው ብርጭቆ ለየባለቤቱ ተመልሶ፣ የመጨረሻዋ ዘመድ «በርቺ» ብላ በሩን ስትዘጋ ነው ሐዘን እንግድነቱን ትቶ ባለቤት የሆነው። ያን ምሽት ልጆቹን ከግድግዳ ወዲህ ደርድረሽ አስተኛሽ፤ አንቺም ባልሽ ይተኛበት በነበረው፣ በበሩ በኩል ጋደም አልሽ። ዘበኛው ሞቶ ዘበኝነቱ ላንቺ ተረፈ። ውዳሴዬ የሚጀምረው ከዚያች ሌሊት ነው።

ጎህ ሳይቀድ፣ አዛን ሳይሰማ ተነሣሽ። እሳት አያያዝሽ፤ የወተቱን ዕቃ እናትሽ እንዳስተማረችሽ በፍም ጢስ አጠንሽ፤ ሻይ በወተት አፈላሽ። የታላቋን ፀጉር ጎነጎንሽ፤ መካከለኛው ሹራቡን ገልብጦ ለበሰው፣ አውልቀሽ አቀናሽለት፤ ትንሹን አዘልሽው። ያዘልሽበት ጨርቅ የባልሽ ሽርጥ ነው። ለሁለት ቀደድሽው፤ ግማሹ ማዘያ ሆነ፣ ግማሹ ታጥቦና ታጥፎ ሣጥን ገባ፤ ወንዶቹ ልጆች ለአቅመ አዳም ሲደርሱ የሚረከቡት ነው። ብዙ ሰው የሟቹን ልብስ ለድሃ ይመጸውታል፤ ደግ ልማድ ነው። ያንቺ ድሃ ግን ጀርባሽ ላይ ነበር።

ከዚያ መቀነትሽን አጥብቀሽ ወጣሽ። ቢጫውን ጀሪካን አስሞላሽ፤ የአህያ ጋሪው ካልመጣ ራስሽ ተሸከምሽው። ከአርብቶ አደሩ የመጣውን የግመል ወተት ተቀብለሽ ገበያ ተቀመጥሽ። ሽልንጉን በአንድ ኪስ፣ ብሩን በሌላው ያዝሽ፤ ሁለት አገር በአንድ መቀነት ውስጥ ቋጠርሽ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር ኬላ ሲመርቁ ስለ ንግድና ስለ ኮሪደር ብዙ ተነገረ፤ የሚነገርለትም ነበር። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው አስፋልት የቀናት መንገድን ወደ ሰዓታት አሳጥሯል። እኔ ግን በዚያ መንገድ ዳር የሚተላለፈውን ዕቃ ሁሉ ብመዝን ጀርባሽ ላይ ከተኛው የሚከብድ አላገኝም።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ሥራሽ ልግባ፤ ስለ እርሱ ማንም ሲያወድስሽ አልሰማሁምና።

መካከለኛው ልጅሽ፣ ገና አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ማታ ማታ ይጠይቅሻል፦ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

«አይመጣም ልጄ። አባትህ ሞቷል። እኔ አለሁ።»

ዝም ይላል። ቂጣውን ይበላል። በማግስቱ ያንኑ ይጠይቃል፤ አንቺም ያንኑ ትመልሻለሽ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ሞት ማለት ላይመለሱ መሄድ መሆኑን ገና አይጨብጠውም፤ ስለዚህ ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ጥያቄውም ክፋት የለበትም። አንቺ ግን በየምሽቱ የባልሽን መርዶ እንደ አዲስ ራስሽ ትናገሪያለሽ፣ እንደ አዲስም ራስሽ ትሰሚዋለሽ። መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌ እንኳ አንድ ጊዜ ተናግሮ ይገላገላል። ድምፅሽን ሳታጠፊ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ፣ ልጁን ሳትቆጪ ያንን ሦስት ዓረፍተ ነገር በየምሽቱ የምታወጪ እመቤት ሆይ፣ ምን ዓይነት ዘውድ ነው ለራስሽ የሚመጥነው?

እኛ አገር ለሕፃን መርዶ መደበቅ ደግነት ይመስለናል። «ሩቅ አገር ሄዷል» እንላለን። ዘመዶችሽም ይህንኑ መከሩሽ፤ አንቺ ግን እምቢ አልሽ። እምቢታሽ የታላቅ አእምሮ ሥራ ነው። ሞያሌ መኪና የማይቋረጥባት ከተማ ናትና! ከናይሮቢ የተነሣ የጭነት መኪና ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ የተነሣውም ይደርሳል፤ በየቀኑ አንድ አባት ከጋቢና ይወርዳል፣ አንድ ልጅ ይሮጣል። አባቱ ሩቅ አገር እንደሄደ የተነገረው ሕፃን በዚህ ከተማ የመንገድ ዳር እስረኛ ይሆናል፤ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየ ያድጋል። አንቺ ልጅሽን ከዚያ እስራት አዳንሽው። ያለቅሳል፤ አዎ። አልቅሶ ይተኛል፤ በጠዋት ግን ዓይኑ መንገድ ላይ ሳይሆን ደብተሩ ላይ ነው።

ይህች ምድር አንቺን የመሰሉ እናቶችን አብዝታለች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2005 ቱርቢ መንደር ላይ በጎሳ ጥቃት የፈሰሰው ደም ገና ሳይደርቅ፣ በሚያዝያ 10 ቀን 2006 ለዕርቅ ወደ ማርሳቢት የሚበር የኬንያ ጦር አውሮፕላን ተከስክሶ ከተሳፈሩት 17 ሰዎች 14ቱ አለቁ። የሞያሌው የፓርላማ ተወካይ ዶክተር ጉራቻ ጋልጋሎና የሰሜን ሆሩ ዶክተር ቦናያ ጎዳና ከሞቱት መካከል ነበሩ። ሰላም ሊያወርዱ የወጡ ሰዎች ቤት ሐዘን ገባ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በኬንያዋ ሞያሌ ግጭት ሲነሣ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በመጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያዊቷ ሞያሌ፣ መንግሥት በተሳሳተ መረጃ የተፈጸመ ነው ባለው የወታደሮች ተኩስ፣ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ወደ ዐሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ የሚበዛው ሴትና ሕፃን፣ ድንበሩን ተሻግሮ ኬንያ ገባ። በአንድ ዘመን ስደተኛ የነበረች እናት በሌላው ዘመን አስተናጋጅ ሆነች። አንቺም ያን ጊዜ አንዲቷን ስደተኛ እናት ካለሽ ላይ ቀንሰሽ ከሻይሽ አቀመስሻት፤ ያቺ እንግዳ ባሏ በምን እንደሞተ አልጠየቅሻትም፣ ልጆቿ ስንት እንደሆኑ ነው የጠየቅሽው።

ጥይት ያልነካውን ድርቅ ነካው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ የጋናና የሐገያ፣ የረጅሙና የአጭሩ ወቅት ዝናብ፣ አምስት ወቅት በተከታታይ ከዳ። ባልሽ የተወልሽ ላሞች በዓይንሽ ፊት ተራ በተራ ወደቁ፤ የመጨረሻዋን ደጋግፈሽ ልታስነሺ ስትታገዪ ያየ ሰው ሁለተኛ ቀብር ያየ መሰለው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ሰው ሳላነሣ ባልፍ ውዳሴዬ ይጎድላል። ማርሳቢት በኬንያ የእናቶች ሞት ከበረታባቸው ካውንቲዎች አንዷ ናት፤ እናም ሚስቱ በምጥ የሞተችበት፣ ሴት ልጁን እግሩ መካከል አስቀምጦ በሻካራ ጣቱ ፀጉሯን የሚፈታ አባት በሰፈርሽ አለ። ወንዱ ይሥቅበት ይሆናል። ለእርሱም ከዚህ ድባብ ሥር ቦታ አለው፤ ይግባ!

ሽማግሌዎች መጥተው የሟቹ ወንድም ይረከብሽ ባሉ ጊዜም አየሁሽ። ልማዱ የቆየ ነው፤ ሲጀመርም የሙት ልጅ ሜዳ እንዳይወድቅ የታሰበ ነው። አንቺ አክብረሽ ተቀበልሻቸው፣ ሻይ አቀረብሽ፣ ከዚያ አንገትሽን ደፍተሽ፣ ድምፅሽን ግን ሳትደፊ፣ «አባቶቼ፣ ልጆቼን ባለሁበት ላሳድግ፤ ወንድሙ ወንድሜ ሆኖ ይኑር» አልሽ። እሺ ያለች ጎረቤትሽንም አልነቀፍሻትም፤ እኔም አልነቅፋት፤ እርሷም ለልጆቿ ብላ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲወጣ በትሩን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ሕፃኑን ባረከልሽ። ያ ምርቃት ፍርድ ነበር፤ አሸነፍሽ።

የወረቀቱን ጦርነት ደግሞ የሚያውቀው የተዋጋው ብቻ ነው። ድንበር ላይ የተወለደ ልጅ አድጎ መታወቂያ ሲጠይቅ ከሌላው ኬንያዊ ይልቅ ብዙ ሲመረመር ኖሯል፤ አባትህ ማነው፣ የት ተወለደ፣ ወረቀቱ የታል ይባል ነበር። አንቺ ይህን ገና ከአሁኑ አሰብሽው። የባልሽን መታወቂያ አስረክበሽ የሞት ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት ደጅ ጠናሽ፤ ልጆቹን ጎረቤት ትተሽ ሄድሽ፣ ነገ ነይ ተብለሽ ተመለስሽ፣ ነገም ሄድሽ። ዛሬ ያ ወረቀት ከልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከግማሹ ሽርጥ ሥር ሣጥን ውስጥ አለ። ማንበብ ባትችዪም የትኛው የማን እንደሆነ በማኅተሙ ትለያለሽ። የሕዝብ መዝገብ ቤት ሹም ሁሉ እንዳንቺ ቢጠብቅ ማንም ዜጋ አገር አልባ ባልሆነ ነበር።

ክብርት ሆይ፣ ውዳሴ ብቻውን ጀሪካን አይሞላም። ስለዚህ ፊቴን ካንቺ ወደ ሰሚዎቼ አዞራለሁ።

የጎሳ አባቶች ሆይ፣ የቦረና አባቶች ከብቱ ያለቀበትን በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ከየበረታቸው አዋጥተው ያቋቁሙ ነበር። የሙት ልጅ ጥርሱን ሳይነቅል ጊደሯን ስጡት፤ ካደገ በኋላ የተሰጠች ጊደር ዕዳ እንጂ ወተት አትሆነውም። የመንደሩ ቺፍ ሆይ፣ በሰሜን ኬንያ ለተቸገሩ ቤተሰቦች በየሁለት ወሩ 5,400 ሽልንግ ሲከፍል ለቆየው የረሃብ መከላከያ ድጋፍም ሆነ ለሌላው ሁሉ ስም ሲጻፍ ይህችን ቤት ከዝርዝር አትዝለላት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የማኅበረሰብ መሬት ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት ሌላ እስካላገባች ድረስ በጋብቻ ያገኘችውን የማኅበረሰቡ አባልነት ይጠብቅላታል፤ ሕጉን የምታነቡ ለእርሷ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። ባለሱቅ ሆይ፣ የዱቤውን ደብተር በልጆቿ ፊት አትዘርጋ።

ከማዶ ያለን የኢትዮጵያ ሞያሌ ሰዎችም ሆይ፣ ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን፤ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ መመለስን ግን ገና አልለመድንም። የእኛ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በመስከረም ነው፤ የእርሷ ልጆች ግን በጃንዋሪ፣ በእኛ ገና ሰሞን፣ እጃችን ባዶ በሚሆንበት ወቅት ነው። ዘንድሮ የበዓሉን በግ ከመግዛታችሁ በፊት የሁለት ልጅ ደብተርና ሁለት ጥንድ ጫማ ያዙና ድንበሩን ተሻገሩ፤ ቡቲዬ ቅርብ ናት።