የምንፈራው የማናውቀውን ነው ወይስ በግማሽ የምናውቀውን?

«ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረታችንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አሜሪካዊው የአስፈሪ ታሪኮች ደራሲ ኤች ፒ ላቭክራፍት በ1927 በወጣ ድርሰቱ፣ ከፍርሃት ሁሉ ጥንታዊውና ኃይለኛው ያልታወቀን ነገር መፍራት ነው ብሎ ተከራክሯል። ስለ ሳይንስ ፊክሽን ሆረር ፊልሞች ሲወራም ይህች ሐሳብ ሳትነሳ አታልፍም።

እስቲ ግን ቆም ብለን እንጠይቅ፤ እውነት ነው እንዴ? ጭራሽ የማናውቀው ነገር እኮ አያስፈራንም። አንቶኒ ቫን ሊወንሁክ በ1670ዎቹ በራሱ ማይክሮስኮፕ እስኪያያቸው ድረስ፣ ሰው በሽታን ይፈራ ነበር እንጂ ባክቴሪያን የፈራ አልነበረም። መኖራቸውን ሳያውቅ በምን ይፈራቸዋል? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ጥሩ የሳይንስ ፊክሽን ሆረር የሚያስፈራን ምንም በማናውቀው ነገር ሳይሆን፣ ጥያቄውን አውቀን መልሱን ባጣንለት ነገር ነው። ይህን አሳምሮ ያሳየው ፊልም ደግሞ የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» (1982) ነው።

(ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች የፊልሞቹ ታሪክ እስከ መጨረሻው ይነገራል። ፊልሞቹ ለአዋቂዎች የተሠሩ፣ ደም የሚበዛባቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከድንጋዩ ሥር እባብ አለ ወይስ የለም?

በ2016 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች «ኔቸር ኮሚኒኬሽንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። 45 ፈቃደኞች የኮምፒውተር ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ። በጨዋታው ድንጋይ ይገለበጣል፤ ተጫዋቹ ከሥሩ እባብ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ይገምታል። እባብ ከተገኘ እጁን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሰዋል። እባብ የመገኘቱ ዕድል በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ተጫዋቹ እየተማረ መሄድ አለበት። ተመራማሪዎቹ ደግሞ የእጁን ላብና የዓይኑን ብሌን መስፋት እየተከታተሉ ምን ያህል እንደተጨነቀ ይለካሉ።

ውጤቱ የሚገርም ነው። ሰዎቹ ይበልጥ የተጨነቁት መነዘራቸው እርግጥ በሆነበት ጊዜ አልነበረም። ጭንቀታቸው ጣሪያ የነካው ዕድሉ 50 በመቶ ሲሆን ነው፤ ማለትም ይሁን አይሁን ጨርሶ መገመት በማይቻልበት ጊዜ። የሚያመው ነገር እንደሚመጣ ማወቅ፣ ይመጣ ይሆን አይመጣ ይሆን እያሉ ከመጠበቅ ይቀላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ተጫዋቾቹ ስለ ንዝረቱ ያውቃሉ፤ ስለ እባቡም ያውቃሉ። የጎደላቸው አንድ መረጃ ብቻ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረትም ይህንኑ ይነግረናል፤ እባብ አይቶ የማያውቅ ሰው በልጥ አይበረግግም። ለመፍራት መጀመሪያ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

12 ሰዎችና አንድ ጥያቄ

«ዘ ቲንግ» ጆን ካምቤል በ1938 ባሳተመው ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ቦታው አንታርክቲካ፣ አንድ የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ ነው። 12 ሰዎች አሉ። ከኖርዌይ ጣቢያ የሸሸ አንድ ውሻ ይመጣል። ውሻው ግን ውሻ አይደለም። ከሌላ ዓለም የመጣ፣ የሚውጠውን ፍጥረት እያንዳንዱን ሴል ገልብጦ የሚመስል ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የፊልሙ ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፦ ከመካከላችን ሰው ያልሆነው ማን ነው?

ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያስታውሰው ሮብ ቦቲን በሠራቸው ዘግናኝ የጭራቅ ትዕይንቶች ነው። በእኔ ግምት ግን የሚያስጨንቁት ትዕይንቶች ጭራቅ የሌለባቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች በጠባብ ኮሪደር ይተላለፋሉ፤ አንዱ ሌላውን ቀና ብሎ ያያል፤ ማንም ምንም አይልም። ተመልካቹ ጭራቁ ምን ማድረግ እንደሚችል በደንብ አውቋል። ያላወቀው የት እንዳለ ነው። ልክ እንደ ድንጋዩ እባብ።

የጋለችው ሽቦ

የፊልሙ ልብ የደም ምርመራው ነው። የሄሊኮፕተር አብራሪው ማክሬዲ አንድ መላምት ያቀርባል፦ ይህ ፍጥረት እያንዳንዱ ቁራጩ ራሱን የቻለ ሕያው ነው፤ ስለዚህ ደሙም ነፍሱን ለማዳን ይሸሻል። ከዚህ መላምት የሚፈተን ትንቢት ይወጣል። የሰው ደም የጋለ ሽቦ ሲነካው ከመንጨርጨር በቀር ምንም አይሆንም፤ የፍጥረቱ ደም ግን ይዘላል። የሁሉም ደም በየሳህኑ ይቀርባል፤ ሰዎቹ ይታሰራሉ፤ ማክሬዲ የራሱንም ደም ሳያስቀር አንድ በአንድ ይፈትናል።

የመጀመሪያው ደም ዝም ይላል። የማክሬዲም ዝም ይላል። የሞቱት የሐኪሙ የኮፐርና የውሻ ጠባቂው የክላርክ ደምም እንዲሁ። እዚህ ላይ አንድ የሳይንስ ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ አራቱ ሰዎች ንጹሕ መሆናቸው ተረጋገጠ? አይ፣ ገና ነው! ምርመራው የታመመውን ለይቶ ሲይዝ እስካላየነው ድረስ፣ ጤነኛ ነው ያለውን ማመን አንችልም። ምናልባት ሽቦዋ ምንም የማትለይ ተራ ሽቦ ልትሆን ትችላለች። የጣቢያው አዛዥ ጋሪም ይህ ነገር ምንም አያረጋግጥም ብሎ ያጉረመርማል። በዚያው ቅጽበት የፓልመር ደም ይዘላል።

ተመልካቹ አብሮ ይዘላል፤ ምክንያቱም ጭራቁ ተገኘ። ግን ሌላም ነገር ሆኗል። ምርመራው እንደሚሠራ የተረጋገጠው አሁን ነው። ስለዚህ የአራቱም ውጤት ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ሆነ። ከአራቱ አንዱ ክላርክ ነው። ክላርክ ከውሻው ጋር ብዙ ስለቆየ ሁሉም ሲጠረጥረው ነበር፤ ከደቂቃዎች በፊት ስለት ይዞ ሲመጣበት ማክሬዲ ተኩሶ ገድሎታል። አሁን ግን ክላርክ ሰው እንደነበር ታወቀ። አንዲት የጋለች ሽቦ ጭራቁን አጋለጠች፤ የማክሬዲንም እጅ በንጹሕ ደም አጨቀየች። ሙከራ የሚያመጣው እውቀት ሁልጊዜ የሚያጽናና እንዳልሆነ እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ትዕይንት በሆረር ፊልም ውስጥ ብዙም አላየሁም።

ፊልሙ ግን እንከን የለውም ማለት አይደለም። የባዮሎጂ ባለሙያው ብሌር ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩም ፍጥረቱ ሰው ወደሚኖርበት ዓለም ከደረሰ በ27,000 ሰዓት፣ ማለትም በ3 ዓመት ገደማ፣ ምድርን ሁሉ እንደሚወርስ ይነግረዋል። ከጣቢያው ሰዎችም ቢያንስ አንዱ የመያዙ ዕድል 75 በመቶ ነው ይለዋል። ከየት መጣ ይሄ ቁጥር? ምን መረጃ ገባበት? ፊልሙ አይነግረንም። ብሌር ግን ይህን ቁጥር አምኖ ሬዲዮውን ይሰባብራል፤ ማምለጫውን ሁሉ ያበላሻል። ካርፔንተር ቁጥሩን ትችት ሊያደርገው ይችል ነበር፤ እሱ ግን ለማስደንገጫ ብቻ ተጠቀመበት። እናንተ ግን እንዲህ ዓይነት ቁጥር ስታዩ፣ በፊልምም ይሁን በስልካችሁ፣ «ከየት መጣ?» በሉ።

ተርቡ፣ አባጨጓሬውና «ኤሊየን»

የሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» (1979) ይህንኑ በሌላ መንገድ ይሠራል። ጭራቁን የነደፈው ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ኤች አር ጊገር ነው፤ ልብሱን ለብሶ የተወነው ደግሞ ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚበልጠው ናይጄሪያዊ ቦላጂ ባዴጆ ነው። ይሁን እንጂ ስኮት ጭራቁን በሙሉ የሚያሳየን ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው፤ አንዴ ጭራ፣ አንዴ ጥርስ፣ አንዴ በማያው ላይ የምትቀርብ ነጥብ።

ሆኖም ጭራቁ ከባዶ የመጣ እንግዳ አይደለም። በሰው አካል ውስጥ አድጎ ደረት ቀዶ መውጣቱን ሥነ ሕይወት ያውቀዋል። ኢክኒውሞኒድ የሚባሉ ተርቦች አሉ፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች በሕይወት ባለ አባጨጓሬ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ እጩ ተርቦቹም አባጨጓሬውን ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ። ቻርልስ ዳርዊንን ይህ ነገር በጣም ይረብሸው ስለነበር በ1860 ለባልንጀራው ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ አንስቶታል። «ኤሊየን» ያደረገው አባጨጓሬውን በሰው መተካት ነው። የሚያስፈራን ፍጹም ባዕድ ስለሆነ ሳይሆን፣ በምድር ላይ እውነት የሆነ ነገር ወደኛ ስለዞረ ነው። በአሌክስ ጋርላንድ «አናይሌሽን» (2018) ውስጥ ያለው ድብም እንዲሁ ነው። ድብነቱ ብቻውን አያስበረግግም፤ የሚያስበረግገው በሞተችው ባልደረባ ድምፅ መጮኹ ነው።

ጥፋቱ የማወቅ ጉጉት ነው?

አንዳንድ ሰው ከእነዚህ ፊልሞች «አርፋችሁ ተቀመጡ፣ የማያገባችሁን አትንኩ» የሚል ትምህርት ይቀስማል። «ኤሊየን»ን በጥንቃቄ ካያችሁት ግን የሚለው ይህን አይደለም። ሪፕሊ በሕጉ መሠረት ተጓዦቹ ለ24 ሰዓት ተለይተው መቆየት አለባቸው ብላ በሩን አልከፍትም ትላለች። በሩን የሚከፍተው አሽ ነው፤ የሳይንስ ኃላፊ ተብሎ የተመደበ፣ ኋላ ግን ኩባንያው በድብቅ ያስገባው ሮቦት ሆኖ የሚገኝ። የሠራተኞቹን ሕይወት መሥዋዕት አድርጎ ፍጥረቱን እንዲያመጣ ታዟል። እናም ያጠፋቸው ጉጉት ሳይሆን፣ የተጣሰ ጥንቃቄና የተደበቀ መረጃ ነው። በእውነተኛው ዓለምም የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች በ1969 ከጨረቃ ሲመለሱ ለ3 ሳምንታት ያህል ተለይተው ቆይተዋል።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የዚያው የስኮት «ፕሮሚቲየስ» (2012) ያሳዝናል። በዓይን ሲያዩት ያማረ ፊልም ነው፤ ማይክል ፋስቤንደርም ግሩም አድርጎ ተውኗል። ግን ሳይንቲስቶቹ አየሩ ይተነፈሳል ስለተባለ ብቻ በማያውቁት ዓለም የራስ ቁራቸውን ያወልቃሉ፤ የባዮሎጂ ባለሙያው እባብ መሳይ ፍጥረት አግኝቶ እንደ ድመት ሊያባብለው ይሞክራል። ወይ ጉድ! የአንደኛ ዓመት ተማሪ ላቦራቶሪ ውስጥ የማያደርገውን! እዚህ ላይ ፍርሃቱ ወደ ብስጭት ይለወጣል። ጥያቄ የሚያነሳ፣ የሚፈትን ሰው ከሌለ ጥርጣሬም አይኖርም፤ የሚቀረው ሞኝ ሲሞት ማየት ነው። ከዚያም አልፎ ሳይንቲስት ማለት ግዴለሽ ማለት ነው የሚል ሐሜት በየዋሁ ተመልካች ጭንቅላት ይተክላል።

በመጨረሻው እሳት ዳር

የ«ዘ ቲንግ» መጨረሻ ላይ ጣቢያው ተቃጥሏል። ማክሬዲና ቻይልድስ ብቻ ቀርተዋል። እሳቱ ሲጠፋ ሁለቱም በብርድ ይሞታሉ። ቻይልድስ ለጥቂት ጊዜ የት እንደነበር በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ሽቦ የለም፣ ሳህን የለም፣ ምርመራ የለም። ተመልካቾች ከ40 ዓመት በላይ «ከሁለቱ ሰው ያልሆነው ማን ነው?» እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እስትንፋሳቸውን ሳይቀር እየመረመሩ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማክሬዲ በዚህች ሰዓት አይፈርድም። ቀደም ሲል በጥርጣሬ መሐል የተኮሰው ሰው ምን እንደነበር አውቋል። አሁን መጠርጠሩን ሳይተው፣ ማስረጃ የሌለውን ነገር እርግጥ ሳያደርግ፣ የያዘውን ጠርሙስ ለቻይልድስ ያቀብለውና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «አላውቅም» ከሚለው ወደ «አንተ ነህ» ለመዝለል የሚያስፈልገው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ያቺን እርምጃ አልወሰዳትም።